ዛፉ፣ ጥጡ፣ ከሰሉ

ስለ በዓል ጌጥ ጥንቃቄ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ከበረዶ አገር የመጣ ነው። ደጅ የተሰቀለው መብራት እርጥበት እንዳይገባው፣ መሰላሉ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ይመክራል። የእኛ ገና ግን የሚውለው በበጋ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የእኛን ቤት የሚያሰጋው ድርቀቱና ለብርዱ ሲባል የተዘጋው መስኮት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የእኛ በዓል ከጥንትም እሳት አያጣውም። ቡና ይቆላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ጧፍ ይበራል። ይህንን ሁሉ እናቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲይዙት ኖረዋል፤ ብዙም አልከዳቸውም። ዛፉ፣ ጥጡ፣ ብልጭልጩና የገና መብራቱም ለብቻቸው ሲሆኑ ያን ያህል አያስፈሩም። ጣጣው የሚመጣው ነባሩ እሳትና አዲሱ ጌጥ በአንድ ጠባብ ሳሎን ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ማስጌጥ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛፉ የት ያምራል?» ሳይሆን «ቡናው የት ይፈላል?» መሆን አለበት። ረከቦቱና ማንደጃው የሚቀመጡበት ቦታ ከተወሰነ በኋላ ዛፉ በተቃራኒው ማዕዘን ይቆማል። በመካከላቸው ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቦታ ካለ 2 ሜትር ይኑር። ብዙ ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዛፉ ከሳምንታት በፊት ያማረበትን ቦታ ይይዛል፤ በበዓሉ ጠዋት ቡናው የተረፈውን ቦታ ይወስዳል። ፎቶ ስለሚያምርበትም የተረፈው ቦታ ዘወትር ዛፉ ሥር ነው።

እውነተኛ ጥድ ቆርጠው ለሚያቆሙ ሰዎች ዋናው ነገር ውኃ ነው። የተቆረጠ ግንድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሙጫው ቁርጡን ይደፍነዋል። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከቆየ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። መንገድ ዳር የቆመው ጥድ ደግሞ መቼ እንደተቆረጠ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ቤት እንደደረሰ ከግንዱ ግርጌ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቀጥ አድርጎ በመጋዝ መቁረጥና ወዲያው ውኃ ውስጥ ማቆም ነው። የተለመደው በባልዲ ደረቅ አሸዋ መትከል ዛፉን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል እንጂ አያጠጣውም። አሸዋውን በጠጠር ቀይሩትና ላዩን ውኃ ሙሉበት። ልኩ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር የግንድ ውፍረት 1 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው 2 ሊትር፣ 10 ሳንቲሜትር ያለው 4 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይፈልጋል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ስለሚጠጣ ጠዋትና ማታ መታየት አለበት። ውኃው ከቁርጡ በታች ከወረደ ሙጫው እንደገና ይደፍነዋል፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስኳርም ሆነ አስፕሪን መጨመር አያስፈልግም፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል።

መድረቁን ለማወቅ ቀለሙን ማየት አይበቃም። ጥድ ደርቆም ለብዙ ቀን አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። ጫፉ ላይ ያለችውን ቀጭን ቅርንጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ እጠፏት። ትኩስ ከሆነች ትተጣጠፋለች፣ ጣታችሁ ላይም ሽታዋ ይቀራል። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ዛፉ ከቤት ይውጣ፤ ከበዓሉ ማግስትም ይሁን ዋዜማው ላይ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ሙከራ ደረቅ ዛፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ክፍሉን በነበልባል ሲሞላው፣ ውኃ ሲጠጣ የከረመው ግን በቀላሉ እሳት አልያዘም። እዚህ ላይ አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። ዛፉ በታኅሣሥ አጋማሽ ይቆማል፣ ገና ያልፋል፣ «ጥምቀትም መጣ አይደል» ተብሎ እስከ ጥር 11 ይቆያል። ያ ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው፤ በበጋ አየር፣ በተዘጋ ሳሎን። ለጥምቀት ጌጥ ከተፈለገ የመጀመሪያውን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ይሻላል። በእኔ ምርጫ ግን በማሰሮ የተተከለ የጥድ ችግኝ ከሁሉም ይበልጣል፤ አይደርቅም፣ ክረምት ሲገባም ደጅ ይተከላል።

ጥጡን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የፈረንጁን በረዶ ለማስመሰል ዛፉ ላይ ጥጥ መበተን ከቆየ ልማዳችን ነው። ጥጥ ግን እሳት ከሚወዳቸው ነገሮች ዋነኛው ነው። በእጅ የተባዘተ ጥጥ በየቃጫው መካከል አየር ስለሚይዝ አንድ የከሰል ፍንጣሪ ካረፈበት እሳቱ ከታች እስከ ላይ ለመሮጥ ሰከንዶች ይበቁታል። ዛፉ ፕላስቲክ ከሆነም የባሰ ነው፤ ጥጡ ያቀጣጥላል፣ ፕላስቲኩ እየቀለጠና እየተንጠባጠበ ምንጣፉን ይይዛል። ጥቁሩ ጭስ ከነበልባሉ ቀድሞ ያፍናል። ዛፉን የግድ ማንጣት ከተፈለገ ከነጭ ወረቀት የተቆረጡ ጥቂት ኮከቦች ከአምፖሎቹ ራቅ ብለው ይሰቀሉ። ወረቀትም ይነዳል፣ ነገር ግን እንደ ጥጥ ዛፉን ሙሉ አያለብሰውም።

አሁን ወደ መብራቱ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የገና መብራት አሠራሩ ቢታወቅ ብዙ አደጋ ይቀር ነበር። ስፒናው አጠገብ ያለችው ብልጭታውን የምትቀያይረው ትንሽ ሳጥን የ220 ቮልቱን ኃይል ወደ አነስተኛ ቮልት የምትቀይር ይመስላቸዋል ብዙዎች። አትቀይርም። ታበራለች፣ ታጠፋለች እንጂ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሽቦው ይገባል። እያንዳንዷ መብራት ጥቂት ቮልት ብቻ የምትወስደው በተርታ ስለተያያዙ ነው፤ ሽቦው ተልጦ ቢነካ የሚይዘው ግን የቤቱ ሙሉ ኃይል ነው። ብልጭልጩ ብረት ነክ ከሆነ ደግሞ ከተላጠው ቦታ ተቀብሎ ዛፉን ሙሉ ያዳርሰዋል። ልጅ ዛፉን ሲነካ ነዘረው ከተባለ ነገሩ ይኸው ነው። የብረት ዛፍ ላይ መብራት ጨርሶ አይጠመጠም።

የድሮው የሚሞቀው አምፖል ላይ ደግሞ የተለመደ «ጥገና» አለ። 40 አምፖል ያለው አንድ መስመር ቢኖር እያንዳንዱ 5.5 ቮልት ይደርሰዋል፤ 40 ጊዜ 5.5 ልክ 220 ነው። አንዱ ሲቃጠል ቆርጦ ያወጡትና ሽቦውን አጠማዝዘው በፕላስተር ያስሩታል። መብራቱ ይበራል፣ እንዲያውም ደምቆ። በየዓመቱ እየተቆረጠ 30 አምፖል ሲቀር ግን እያንዳንዱ ከ7 ቮልት በላይ ይሸከማል፣ የሚያወጣው ሙቀትም ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ደመቀ የተባለው እየነደደ ነው። አምፖሉ የነካው ጥጥ ወይም ወረቀት መጀመሪያ ይጠይማል። እንዲህ ያለ መስመር ከሁለት በላይ መቆራረጥ ከገጠመው ይጣል፤ አዲሱ መብራት ከአንድ ኪሎ ሥጋ አይወደድም።

ስትገዙ ከተቻለ አዳፕተር ያለውን ምረጡ፤ አዳፕተሩ ላይ 24 ወይም 31 ቮልት የሚል ተጽፎ ይገኛል። በስልክ ቻርጀር በ5 ቮልት የሚሠራውም ጥሩ ነው። ሽቦው ቢላጥ እንኳ ሰው አይጎዳም። ኤልኢዲ መሆኑም ለውጥ ያመጣል፤ 100 የድሮ ትንንሽ አምፖሎች 40 ዋት ገደማ ሲፈጁ 100 ኤልኢዲ 10 ዋት እንኳ አይሞላም። ሙቀቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከመስቀል በፊት የሚደረገው ፍተሻ ይህ ነው። ከካርቶን የወጣውን መብራት ባዶ ሴራሚክ ላይ ዘርጉት፤ ዛፉ ላይ እንዳትሞክሩት። ገና ሳይሰካ ሽቦውን ከስፒናው እስከ ጫፉ በጣት እያለፋችሁ የተላጠ፣ የተቆነጠጠ፣ አይጥ የበላው ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ሰክታችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት፤ ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ። ነቅላችሁ ስፒናውን፣ ሳጥኗንና ሽቦው የሚጋጠምበትን ዳሰስ አድርጉ። ለብ ማለቱ ችግር የለውም፤ እጅ አላስቀምጥ ካለ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ዛፍ ላይ አይወጣም። ጫፉ ላይ ሌላ መብራት መቀጠያ ያለው ከሆነ የድሮውን አምፖል ከሦስት በላይ አትቀጥሉ፤ የመጀመሪያው ቀጭን ሽቦ የሁሉንም ጭነት ይሸከማልና። መጋረጃ አጠገብና ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ በሆነበት ቤት መብራቱን ከጨርቁ ጋር በምስማር መምታት ክፉ ልማድ ነው። ምስማሩ ሽቦውን ይወጋዋል፣ እሳቱ ከኮርኒሱ በላይ ሲሄድ ደግሞ ታች ያለ ሰው የሚያየው ዘግይቶ ነው።

ሶኬቱም ይታይ። ቀጭኑ ባለ ሁለት እግር ስፒና እግሩ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ወፍራሙ 4.8 ነው። ባረጀ ሶኬት ውስጥ ቀጭኑ ይላወሳል። የላላ ግንኙነት ጥዝ ይላል፣ ብልጭ ይላል፣ ፕላስቲኩን ያጠቁራል። የጠቆረ ሶኬት ላይ ምንም አይሰካ፤ ይቀየር። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና ደግሞ ቮልቱ ስለሚስማማ በመቀየሪያ መጠቀም ይቻላል። በእስክሪብቶ ቀዳዳ እየከፈቱ በግድ መወተፍ ግን አይሆንም።

መብራቱ ብቻውን ማከፋፈያውን አያቃጥለውም። የሚያቃጥለው የዋዜማው ማታ ነው። ማከፋፈያው ላይ 10 አምፔር ከተባለ የሚችለው 2200 ዋት ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩና የገና መብራቱ ተደምረው 200 ዋት እንኳ አይሞሉም። ከዚያ ወጥ ቤቱ ሶኬት ሲጠበው 2000 ዋቱ ምድጃ ወደ ሳሎን ይመጣና እዚያው ላይ ይሰካል፤ ውኃ ማፍያው ይከተላል። ድምሩ 4000 ሲያልፍ ማከፋፈያው ሶፋ ሥር፣ በስጦታ ወረቀት ተሸፍኖ ይሞቃል። የእንጀራ ምጣድማ ለብቻው ከ3000 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው እንጂ ማከፋፈያ ላይ አይሰካም። ደንቡ አጭር ነው፦ የሚያበስልና የሚያሞቅ ዕቃ በቀጥታ ግድግዳው ላይ፣ የሚያበራ ነገር ማከፋፈያው ላይ። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም ተዘርግቶ ይሥራ፤ እንደተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ «ደካማ ነው» ብሎ በትልቅ መቀየር የመጨረሻው ስሕተት ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው።

ቄጠማውን እንየው። ሲጎዘጎዝ እርጥብ ነው፣ እሳት አይዘውም። በሦስተኛው ቀን ግን ድርቆሽ ነው፣ እንግዳም ገና አላለቀም፣ ቡናውም ይቀጥላል። ማንደጃው የሚያርፍበት ዙሪያ በግማሽ ሜትር ያህል ቄጠማው ገለል ይበል። ማንደጃው ሥር ሴራሚክ ወይም የብረት ትሪ ይደረግ፤ በተለይ ወለሉ ላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ። ደረቁ ቄጠማ በየሁለት ቀኑ ተጠርጎ ይውጣ፤ አዲስ ከተፈለገ ያው ርካሽ ነው። ከሁሉ የማይታየው ደግሞ ይህ ነው፦ የዛፉ መብራት ሽቦ ወለሉ ላይ እንዳያስጠላ በቄጠማው ሥር ይደበቃል። ሰው ይረግጠዋል፣ የጀበናው ውኃ ይፈስበታል፣ ፍምም ይወድቅበታል። ሽቦ የሚያልፈው በግድግዳ ጥግ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ ነው።

ከሰሉ ከማቃጠል ይልቅ የሚገድለው በማፈን ነው። በደንብ የተያያዘ ከሰል አይጨስም፣ ስለዚህ «አሁን መግባት ይችላል» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ አመድ የለበሰ ፍምም ያመነጨዋል። ገና ላይ ይህ አደጋ የሚደበቅበት ልዩ ምክንያት አለ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ሲመጣ ሁሉም የሚያሳብበው በ43 ቀን ጾም ላይ በገባው ቅቤና ሥጋ ወይም በጠላው ነው። መለያው እንዲህ ነው፦ በአንድ ክፍል ካሉት ሰዎች ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ወጥተው ሲቆዩም ከተሻላቸው፣ ጥፋቱ የከሰሉ ነው። በር ይከፈት፣ ሁሉም ይውጣ፣ የተዝለፈለፈ ካለ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ቡናው እስኪያልቅ ብርዱን ታግሶ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ወይም መስኮትና በር መክፈት ያስፈልጋል። ከሰል መኝታ ክፍል ውስጥ ለሙቀት አይገባም፤ «ጥቂት ነው» የሚባልም የለም። ሲያልቅ ፍሙ በብረት ዕቃ ወደ ደጅ ይውጣ፤ በፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ የተጣለ አመድ ሌሊት ላይ ይነሳል።

ዋዜማው ማታ ቤተሰቡ ለቅዳሴ ሲወጣ ቤቱ ለሰዓታት ባዶ ይሆናል። «በዓል ነው ቤቱ አይጨልም» ተብሎ ዛፉ እንደበራ ይቀራል፣ ጧፉም ሥዕሉ ፊት። በዚያ ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግርና ሲያበስል ኃይሉ ይወርዳል፣ ይጠፋል፣ ድንገት ከፍ ብሎ ይመለሳል። ከመውጣት በፊት መብራቱ ከሶኬቱ ይነቀል፤ በሳጥኗ ቁልፍ ማጥፋት አይበቃም። ጧፍና ሻማ ሰው ባለበት ብቻ ይበራል፤ በቀለጠ ሰም ሲኒ ማስቀመጫ ላይ የተለጠፈ ሻማ ሲያጥር ይወድቃልና በአሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ ይተከል፣ ከመጋረጃና ከዛፍ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ልጆች ባሉበት ቤት አንድ ነገር ልጨምር። የሚዘምሩ የገና ካርዶችና የውሸት ሻማዎች ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች። መክደኛው በብሎን የማይታሰር ዕቃ ልጅ ካለበት አይግባ። ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው፤ እንዲተፋ አይደረግም። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ ከዋጠም 12 ሰዓት ካላለፈ፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ማር ለማምጣት ተብሎ ግን ጉዞው አይዘገይ።

እሳት ከተነሳ የመጀመሪያው ሥራ ብሬከሩን ማውረድ ነው፤ ኃይሉ ሳይጠፋ ውኃ አይደፋም። የያዘው አንድ ቅርንጫፍ ከሆነ በእርጥብ ወፍራም ጨርቅ ሊታፈን ይችላል። ነበልባሉ ከወገብ በላይ ካለፈ ግን ሰው ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ አዲስ አበባ ከሆነ 939 ይደወል። አምቡላንስ 907 ነው።

ውጭ ላሉት ወገኖች የሚለየው ትንሽ ነው፣ ግን ከባድ ነው። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙ ሐበሻ ቤት ሁለት ገና ይከበራል። ዛፉ በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ ማግስት ተገዝቶ እስከ ጃንዋሪ 7 ይቆማል፤ ስድስት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው፣ ያውም ሂተር በሚያደርቀው ቤት። በዲሴምበር አጋማሽ መግዛት ችግሩን በግማሽ ይቀንሰዋል። ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህ ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት በጣም የተለመደ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም እዚያው ይረሳል። ማስጠንቀቂያው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ዝም የምታሰኝ ቁልፍ አለች። ቡናውም ምድጃው ላይ፣ ከጭስ መሳቢያው ሥር ቢቆላ ብዙ አይጮህም። ከሰል እዚያ አገር አፓርታማ ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስም።

ከአሜሪካ ለአገር ቤት ዘመድ የሚላክ የገና መብራት ደግሞ የ120 ቮልት ነው። የስፒናውን ቅርጽ የሚያስተካክለው ትንሹ መቀየሪያ ቮልቱን አይቀንስም፤ 220 ላይ ሲሰካ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቃጠላል ወይም ሽቦው ይቀልጣል። መላክ ከተፈለገ በባትሪ ወይም በ5 ቮልት ቻርጀር የሚሠራው ይላክ። አዳፕተር ካለውም አዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚለው ቁጥር መኖሩ ይታይ።

ዛፉ ሲፈርስ መብራቱን ጎትቶ ማውረድ በሚቀጥለው ዓመት የምትፈልጉትን መላጥ ዘንድሮ መፍጠር ነው። ከላይ ጀምሮ እየፈቱ መጫሚያ ካርቶን ላይ ሳይጠብቅ መጠቅለል፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ማስቀመጥ፤ አይጥ ካርቶን ይበሳል፣ ባልዲ ግን ያስቸግረዋል። የበራበትን ዓመትና የተቀየረ አምፖል ካለ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ አብሮ መክተት ደግሞ አንድ ደቂቃ አይወስድም።